ለጭቃ የሚሆን ጠመንጃ

አዳኙ ግራ እጁን ያጣው በዝናቡ ወር፣ ጎህ ሲቀድ፣ በገዛ በቆሎ ማሳው ውስጥ ነው። ሚስቱ ቤት ውስጥ እሳት እያያያዘች ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የባሏን ጠመንጃ ድምፅ ስትሰማ ኖራለችና እንደ ሰው ድምፅ ትለየዋለች። የዚያን ዕለት የሰማችው ግን የሱ አልነበረም፤ አጭርና ደረቅ፣ አንድ ነገር ከመሃሉ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ፍልጡን ጥላ ሮጠች።

ስትደርስ ባሏን ተንበርክኮ፣ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ አገኘችው። አልጮኸም። "ጣቶቼ የት ሄዱ?" ብሎ ብቻ ጠየቃት፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው። ጠመንጃው አጠገቡ ወድቋል፤ አፈሙዙ ፈንድቶ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገልጧል።

ሆስፒታል አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ሐኪሞቹ የተረፉትን ሁለት ጣቶች ለማዳን ሞክረው ሞክረው ስላልሆነላቸው ከአንጓው ላይ ቆረጡለት። ግራ ዓይኑንም ባሩድ ለብልቦት ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አላይ አለው።

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ያንን ቃል የተናገሩት እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ነርሱም ጠያቂውም እየሰማ ነው። "ጠመንጃውን የሚወለውለው ማነው?" አሉ። መልሱን የማያውቅ አልነበረም። አዳኙ ከጫካ ሲመለስ መሣሪያውን የሚያቀብለው ለሚስቱ ነው። እሷ ትፈታዋለች፣ ቁራጭ ጨርቅ በዘንግ እየገፋች አፈሙዙን ትወለውላለች፣ ዘይት ታስነካዋለች፣ መልሳ ገጥማ ከበሩ ጀርባ ትሰቅለዋለች። "ጠመንጃው ያገባው እሷን ነው፤ እኔ ሚዜ ነኝ" እያለ ለመጣው ሁሉ ይቀልድ ነበር። አሁን ያ ቀልድ ዞሮ ምስክር ሆነባት። "ጨርቋን እውስጡ ረስታ ነው ልጄን ያጎደለችብኝ" አሉ አማቷ።

የከፋው ነገር እሷም ደፍራ መማል አለመቻሏ ነው። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ጠመንጃውን ስትወለውል ጎረቤት ከደጅ ጠርታት ተነሥታ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ዘንጉን መልሳ ቦታው ማስቀመጧን ታስታውሳለች። ጨርቁንስ? እሱ ላይ ስትደርስ ልቧ ባዶ ይሆናል። አልጋ ሥር ፈለገች። የምድጃውን አመድ በወንፊት ነፋች። ጨርቆቹ ሁሉ ከአንድ የባሏ አሮጌ ሸሚዝ የተቀደዱ ናቸው፤ ስንት እንደነበሩ ደግሞ ልብ ብላ አታውቅም። ያላትን ሁሉ ሰብስባ ወለሉ ላይ እየደረደረች፣ ሸሚዙን መልሳ ልትሰፋ ያማራት ይመስል፣ ጫፍ ከጫፍ እያጋጠመች ታያለች። የጎደለ ቦታ አለ። ግን ሸሚዙ ድሮም እጅጌ አልነበረውም፤ አንገቱም ለሌላ ነገር ተቀድዷል። ምን ያስረዳል?

ባሏ ከሆስፒታል ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንድም ቀን "አንቺ ነሽ" አላላትም። አንድም ቀን "አንቺ አይደለሽም" አላላትም። ቁስሉን ስታጥብለት ጣራ ጣራውን ያያል። ዝምታውን እንደ ፍርድ ቆጥራ ተቀበለችው፤ ጎረሰችው፣ አብራው ተኛች፣ አብራው ተነሣች። አማቷ ደግሞ የሚረዳችሁ ሰው ያስፈልጋል ብለው ጓዛቸውን ይዘው መጥተው ማዶ ክፍል ገቡ። በቆሎ ሲፈለፍሉም፣ ውሃ ሲቀዱም፣ ያቺው ጨርቅ ከአፋቸው አትጠፋም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የደኑ አሳማዎችም ጆሮ ነበራቸው። ማሳው ከደኑ ሥር፣ ረግረጉን ታኮ ያለ ነው፤ ጠመንጃ መጮህ ካቆመ ሳምንት ሳይሞላ የዱር አሳማው መንጋ ከነግልገሉ ወረደ። ሴትዮዋ ቆርቆሮ ደበደበች፣ ጎማ አቃጠለች፣ እንደ ሰው የለበሰ እንጨት አቆመች። አንድ ቀን ጠዋት ያቆመችውን ሰው ተጋድሞ፣ ጋቢው ላይ ተተኝቶበት አገኘችው። ውሻቸው ሆዱ ተቀዶ ሞተ። አሳማ ደግሞ የሚበላው አይደለም የሚያንገበግበው፣ የሚረግጠው ነው፤ አንዱን እሸት ሊገምጥ ዐሥሩን አገዳ ያጋድማል። በቆሎው ሊደርስ የቀረው ወር ግድም ነው። ከዚያ ማሳና ከአንዲት ላም ሌላ ምንም የላቸውም።

ላሟን ከነጥጃዋ ሸጠች። ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት አላየም። ጠመንጃ ልትገዛ መሆኑን ለባሏ ስትነግረው ከግድግዳው ሳይዞር፣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ የኔ ይበቃል አላት። እሷ የሰማችው ግን "አንቺ ነካክተሽ የሚበጅ ነገር የለም" እንዳላት ሆኖ ነው። ኋላ ማሳው ውስጥ አገዳ ሲሰበር ከተኛበት ሲሰማ ዋለና ሐሳቡን ለወጠ። ከገዛሽ አውቶማቲኩን ግዢ፤ ስትስቺ ሁለተኛ ዕድል ይሰጥሻል አላት። ትስታለች ብሎ መጀመሩ ከነከናት።

ፈቃድ ቢሮ ያለው ጸሐፊ የባሏን ወረቀት አገላብጦ "ተኳሹ ማነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ ስትለው ከመነጽሩ በላይ አያት። ከሕንፃው ጀርባ ወስደው ሦስት ጥይት ሰጧት፤ ሁለቱን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። ባሏ ከውልወላ በኋላ አልፎ አልፎ ተኩሶ መሞከሩን ለሷ ይተውላት እንደነበር ለማንም አልተናገረችም።

ከተማ አብሯት የሄደው ዋርሳዋ ነው፣ የባሏ ታናሽ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ያርፋል፤ ያቺን ቀን ለሷ ሰጣት። ሱቁ ጠባብ ነው። በሩ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ውስጡ የዘይትና የእንጨት ቀለም ይሸታል። ባለሱቁ እንደገቡ ወንበር ሳበላቸውና ንግግሩን ሁሉ ለዋርሳዋ አደረገው። እሷ እንደ ተሸከመችው ዘንቢል ሆና ቆመች።

መጀመሪያ ያወረደው መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ነው። በዚህ መነጽር ከማዶ ተራራ ዝንብ ይመታል አለ።

"እኛን ያስቸገረን ዝንብ አይደለም" አለች ሴትዮዋ። "አሳማ ነው። እሱም ከሃያ እርምጃ አይርቅም።" ጎንበስ ብላ መነጽሩ ላይ ተነፈሰችበት፤ መስታወቱ ወዲያው በጉም ተሸፈነ። "የኛ ማሳ እስከ ረፋድ እንዲህ ነው" አለች።

ባለሱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። ቀጥሎ ባሏ ያላትን አውቶማቲክ አወጣ፤ አምስት ጥይት በተከታታይ ይተፋል። ዋርሳዋ ደስ አለው፤ ይኸው ነው፣ ወንድሜ ያለው ይኸንን ነው፣ እንክፈልና እንሂድ አለ። እሷ ግን ይፈታልኝ አለች። ባለሱቁ መፍቻ ፈልጎ፣ ጨርቅ አንጥፎ፣ ትናንሽ ሽቦና ሚስማር የሚያካክሉ ብረቶች እየነቀለ መደርደር ጀመረ። አንዷ ሽቦ ተፈናጥራ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ፈለጓት። ስትገኝ ሴትዮዋ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት፤ ከእንጨት ስንጥር አትበልጥም።

"ይቺ ረግረግ ውስጥ ብትወድቅብኝ የት አገኛታለሁ?"

ባለሱቁ ማሳ ውስጥ ማን ይፈታዋል አላት። ጭቃ ያስፈታዋል አለችው። ርካሽ አዲስ ጠመንጃም አሳያት፤ እንደ ሙሽራ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋውም አንገት የማያስደፋ። ጥይቱ የት ይገኛል ብትለው ከዚሁ ከኔ ሱቅ ነው፣ ሲያልቅ አስመጣለሁ አለ። እስኪመጣ አሳማው ታግሶ ይጠብቀኛል ወይ አለችው። ከዚያ የተጫማችበትን እግር አነሳች፤ ሶሉ ላይ የማሳው ጭቃ ደርቋል። "ከዚህ ትንሽ መዝጊያው ውስጥ ላድርግና ልየው?" ብላ ጠየቀች።

ባለሱቁ ደነገጠ። አዲስ ዕቃ ላይ ጭቃ የሚቀባ ገዢ ገጥሞት አያውቅም። ዋርሳዋ አፍሮ፣ "ኧረ እትዬ፣ ተይ" እያለ ልብሷን ጎተተ። በዚህ መሃል ከኋላ ካለው ክፍል ሳቅ ተሰማ። ጠጋኙ ነበሩ፤ የሱቁን መሣሪያ የሚያድሱ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠራረጉ ወጡ፤ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ይዘው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ብረቱ ቀለሙን ጨርሶ ግራጫ ሆኗል።

"የአንድ ደን ጠባቂ መሣሪያ ነበር" አሉ። "እሱ ጡረታ ወጣ፤ ይኼ ግን አልወጣም። በዚህ ላይ የፈለግሽውን ቀቢበት።"

ጭቃውን በምራቋ አርሳ መዝጊያው ላይ ደፈደፈችው። መዝጊያው በእጅ ወደ ኋላ የሚሳብ አንድ ወፍራም ብረት ነው። አንገራገረ፣ ተንቋቋ፣ ግን ሄደ፤ ተመልሶም ገጠመ። መልሳ ሳበችውና ያለ መፍቻ መዝዛ አወጣችው። ሦስት ቁራጭ ብቻ ነው። ዓይኗን ጨፍና መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃኑን አየች። ከላይ እንዲያ ያረጀ ብረት ከውስጥ እንደ መስታወት ነው። ጫፉ አጠገብ አንዲት የዝገት ነቁጥ አለች፤ ጠጋኙ እሷን አውቃታለሁ፣ አትጎዳም አሏት። ጥይቱም የትም መንደር ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት ነው።

ጠመንጃውን እንዳቀፈች ቆመች። ልትጠይቅ የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። ሽማግሌው ባይሰማቸው ጊዜ ደህናውን ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ይፈነዳል ወይ ነው ያልኩት፣ አባባ።"

"ጤነኛ ብረት በራሱ አይፈነዳም፣ ልጄ። የፈነዳ ሁሉ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞ ነው።"

"ጨርቅ ቢሆንስ?"

"ጨርቅም ያፈነዳዋል። ጭቃም ያፈነዳዋል። በጥጥ የፈነዳም አይቻለሁ።"

ግድግዳውን ተደገፈች። ሽማግሌው ውሃ አምጡላት አሉ። ዋርሳዋ ሙቀቱ ነው መሰለኝ እያለ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲያ ስለ ጠመንጃው ብዙ አልተነጋገሩም። በላሟ ገንዘብ አሮጌውን ጠመንጃና አርባ ጥይት ገዛች። ዋርሳዋ አውቶቡስ ውስጥ በጆንያ የተጠቀለለውን እያየ "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" አለ፤ ሊያስቃት ፈልጎ ነው። እሷም ልትስቅለት ሞከረች።

ቤት ስትደርስ ባሏ በደህና ዓይኑ አየውና ላሚቱን በቆርቆሮ ለወጥሻት አላት። አማቷም ከማዶ ክፍል ብቅ ብለው፣ የልጄ እጅ መቆረጥ አልበቃ ብሏት ደግሞ ሌላ መዘዝ ልታመጣብን ነው አሉ። ሴትዮዋ መስኮት ሥር ተቀምጣ ጠመንጃውን ፈታችው። ወለወለችው። ጨርቁን አወጣች። አፈሙዙን በብርሃን አየችው። ጨርቁን ጭኗ ላይ አኖረችው። ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ተመልሳ ደግሞ አየችው። ሰባት ጊዜ እንዲያ አደረገች። ባሏ ሁሉንም ያይ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዝናቡ ያካፋል። ማሳው ጥግ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። መንጋው ሲገባ የመጀመሪያዋን ተኮሰች፤ ሳተች። ጥይት አጉርሳ በማሳው ዳር ስትሮጥ እግሯ ከዳትና በአፍጢሟ ተደፋች። ብድግ ስትል አሳማዎቹ ረግረጉን ተሻግረዋል። ከእግር እስከ ራስዋ ጭቃ ሆና፣ ወደ ቤት ወጣች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከሆስፒታል ከወጣ በራሱ ፈቃድ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ እሷን አላየም፤ የጠመንጃውን ጫፍ ነበር የሚያየው። ዝናቡ ውስጥ በነጠላ ሸሚዙ ወጥቶ በቀረችው እጁ አፈሙዙን ጨበጠው።

"ከወደቅሽ በኋላ ተኩሰሻል?"

"አልተኮስኩም። ሄደው ነበር።"

ጣቱን አፉ ውስጥ ሰደደ። ሲያወጣው ጭቃ ይዞ ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ስትወድቂ መጀመሪያ አፉን እዪ" አለ። "ምንም ቢቸኩልሽ። አሳማው አፍንጫሽ ሥር ቢሆን እንኳ። እኔ አላየሁም።"

መጀመሪያ አልገባትም። እሱም ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየችው። ግን ጀምሮታልና ቀጠለ። ያን ቀን አዳልጦት ወድቋል። ጠመንጃው በአፍጢሙ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ እሱ ነቅሎ አውጥቶታል። አሳማው ሊያመልጠው ሆነና በእጀ ጠባቡ ጠረግ አድርጎ ተኮሰ። ይኸው ነው። ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከቤት ሲወጣ በአፈሙዙ ሰማዩን አይቶበታል፣ ንጹሕ ነበር። ሆስፒታል ሲነቃ እናቱ ኮሪደሩ ላይ የሚሉትን ሰማ። በመጀመሪያው ቀን ደከመው። በሁለተኛው ቀን አፈረ። አዳኝ ሲሉት የኖረ ሰው፣ ልጅ የማይሳሳተውን ተሳሳተ ከሚባል ብሎ ሦስተኛውንም ቀን ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ዝምታው ራሱ እየከበደ ሄደ። እንዲያ እንዲያ እያለ ሁለት ወር ሞላ።

ገብታ ጠመንጃውን ፈታች፤ ጭቃውን በውሃ አጠበች፣ አደረቀች፣ ወለወለች፣ ዘይት አስነካችው። እጇ እንዲያ ሲሠራ ዓይኗ ምንም አያይም ነበር። አመድ የነፋችባቸውን ጠዋቶች አሰበች። ቁስሉን ስታጥብ በልቧ ይቅር በለኝ ስትለው የነበረውን አሰበች። እሱም እያወቀ፣ ላልሠራችው ጥፋት ይቅርታ ሲያስለምናት ኖሯል ማለት ነው። ስትጨርስ ጠመንጃውን ሰቀለችና ወደ በሩ መጣች።

"ለእናትህ ንገራቸው።"

ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

"ካልነገርካቸው ነገ አልወርድም። አሳማው ይብላው።"

በማግስቱ ጠዋት ጎህ ሲቀድ መንጋው ገባ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል አገዳው። ሴትዮዋ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ታዳምጣለች። ባሏ አጠገቧ ነቅቷል። ሁለቱም እያንዳንዷ አገዳ ስትወድቅ ይሰማሉ፤ እያንዳንዷ የሚመጣው ዓመት ምሳ ናት። አልተነሣችም። ከማዶ ክፍል አማቷ፣ ይቺ ሴት ሞታለች እንዴ፣ ማሳው አለቀ እኮ እያሉ ይጣራሉ። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንዲያ ሆኑ። የማሳው የላይኛው እርከን በልተው የተጨረሰው ያን ጠዋት ነው።

ባሏ በመጨረሻ ተነሣ። በአንድ እጁ ሱሪውን ለመታጠቅ ሲታገል አልረዳችውም። ማዶ ገባ። የተናገረውን በግድግዳው በኩል ሰማችው፤ አላሳጠረም፣ አላስጌጠም። ቀጥሎ የአማቷ ድምፅ መጣ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያረጀ ሰው ድምፅ ነበር።

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ አፌን ለምን አልያዝክልኝም?"

አማቷ ወደሷ አልመጡም። ይቅርታም አልጠየቁም፤ የሚያውቁበት ሰው አልነበሩም። ያን ቀን ግን ሳይናገሩ ውሃውን ቀድተው ከቤቱ ጥግ አስቀመጡት፤ ከዚያም ወዲያ ስለ ጠመንጃው የሆነ ነገር ሲነሣ ተነሥተው ይወጣሉ።

ሴትዮዋ ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረደች። ባሏም ተከትሏት ወረደ፤ አትምጣም፣ ናም አላለችውም። ጥጉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንፋሽሽን ግማሽ አውጪና ያዢው አላት በሹክሹክታ፤ ማነጣጠሪያውን ከአሳማው ክንድ በታች አድርጊው አላት። መሪዋ አሳማ ስትወጣ መታቻት። ጥይት አጉርሳ ሌላ ደገመች። መዝጊያው ዝናቡም ጭቃውም እያለ አልነከሰም። መንጋው ሦስት ቀን ቀረ፤ ሲመለስም በርቀት ሆነ።

ከማሳው ሲሶው ተረፈ። ያንን ሰባት ወር በሉት፤ የቀረውን አምስት ወር ዋርሳዋ ከደመወዙ እያካፈለ፣ እሷም የሦስት ጎረቤት ማሳ በእህል እየጠበቀች አሻገሩት። አሮጌው ጠመንጃ እስካሁን አንድ ቀን አላሳፈራትም። የባሏ ግራ ዓይን በዚያው ጠፋ።

አንዲት ጎረቤት፣ ይቅር አልሽው ወይ ብላ ጠይቃታለች። "በቆሎው ሲደርስ አያለሁ ብዬ ነበር" አለች ሴትዮዋ። "ደረሰ። አሁንም አላወቅሁም።" ከዚያ ተነሥታ ወደ ማሳው ወረደች፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፣ ረግረጉም ዳር አንድ ነገር ይንኮሻኮሽ ነበር።